የአሥሩ ሴቶች የውሃ ተራ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ የምናጠጣውም ከአንድ ቦይ ነው።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ሽንኩርትና ማሾ የማመርት ገበሬ፣ የአራት ልጆች አባት፣ የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል የነበርኩ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራለች፣ ስለ ትዕግሥቷ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሦስተኛዋ ሁለተኛ ልጄ ናት፤ ወልድያ ተምራ ተመልሳ፣ ቋሚ ሥራ እስክታገኝ ሲሪንቃ በእርሻ ምርምሩ ማሳ ላይ በቀን ሥራ የማሽላ ዘለላ ስትቆጥርና ስትመዘግብ የነበረች፣ ቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ። አራተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተባት ጀምሮ ማሳዋን እኔ በእኩል አርስላት የነበረች፣ ማለት ከምርቱ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእኔ። አምስተኛው ሚዜዬ ነው። እሱ ክርስቲያን ነው፤ አባቱ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዶ እዚሁ የቀረ። በሠርጌ ቀን ከጎኔ የቆመው እሱ ነው። የቦያችን የውሃ አባትም እሱ ነው፤ ውሃው ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ የሚያዝዘው።

በቦያችን ላይ አርባ አባወራ አለ። ከአርባው አሥሩ አባወራ የሚባሉት ለወጉ ነው እንጂ ሴቶች ናቸው፤ ባላቸው የሞተ፣ የፈታቸው፣ ወይም ሳዑዲ ሄዶ ድምፁ የጠፋ። ውሃው በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ለሁሉም ይዳረሳል፤ በየቀኑ አራት ሰው ያጠጣል፣ ሁለቱ በብርሃን፣ ሁለቱ በጨለማ። ብርሃኑ ለማን ይድረስ የሚለው የቆየ ደንብ አለው። ክረምት ሲወጣ ጎርፍ የወሰደውን የወንዝ ውሃ መጥለፊያ በድንጋይና በጭቃ እንደገና እንሠራለን። እዚያ አካፋ ይዞ የወረደ ሰው ከቀኑ ተራ ይደርሰዋል። ሴት ወደ መጥለፊያው አትወርድም፤ ነውር ነው። ሴት ለሠራተኛው ምሳ ይዛ ትመጣለች። ምሳ ደግሞ እንደ አካፋ አይቆጠርም። ስለዚህ አሥሩ ሴቶች ሁልጊዜ የሚደርሳቸው ሌሊት ነው።

በሌሊት ቦይ ዳር የምትቆም ሴት የምትፈራው ጅብ ብቻ አይደለም። ወሬ አለ። ከላይ ሆኖ ውሃዋን የሚዘጋባት አለ፤ ሄዳ እንዳትጣላ ጨለማ ነው፣ ዝም እንዳትል ማሳዋ ደርቋል። ስለዚህ አብዛኞቹ መሬታቸውን ለወንድ በእኩል ይሰጣሉ። ሌሊት መቆም የቻለው ወንድ ግማሹን ምርት ይወስዳል። ከእነዚያ ወንዶች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ፤ ያለበለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሌላም ልማድ አለን። ሴት በጉባኤ ላይ ነገር ሲኖራት ቆማ አትናገርም። አጠገቧ ላለ ዘመድ ወይም ጎረቤት በጆሮው ትነግረዋለች፤ እሱ ተነሥቶ ይናገርላታል። የጎረቤቴን ቃል ስድስት ዓመት የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ምክር ቤቱ እንደገና ሊመረጥ ሲል ከመቀመጫው ግማሹ በኮታ ለሴቶች ይሁን ተባለ። ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ዋርካው ሥር ነበር። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ ጉርምርምታው ተነሣ።

«እንግዲህ ወጡን እኛ ልንሠራ ነዋ» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተ ከሠራኸውማ ቅሬው የለቅሶ ድንኳኑን ቀድሞ ይትከል» አለው ሌላው።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «መሥራቱን ተውት። ስትበሉ ብቻ ቀስ በሉ፤ ለእኛም ይድረሰን» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ተነሥቼ ቆምኩ። ልጅ ሆኜ መርሳ ሻይ ቤት ውሃ ስቀዳ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ፊደል እንደለየሁ ነገርኳቸው። ጋዜጣው አንዳንዱ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር ዛሬም ተገልብጦ የተጻፈ ነገር እንደ ቀናው አነባለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም ወንበር ስቦ ተቀመጥ አላለኝም፤ ምክር ቤት የገባሁት በራሴ ጉልበት ነው አልኩ። በስጦታ የተገኘ ወንበር የተቀመጠበትን ሰው ያዋርደዋል፤ እኔ ለልጆቼ ይህንን ውርደት አልመኝም አልኩ። በቃሌ ሁሉ አምኜበት ነበር የተናገርኩት።

ባለሙያው በትሕትና መለሰልኝ። «አባቴ፣ ወንበሩ የሚሰጣቸው ስለማይችሉ አይደለም። ስላልደረሳቸው ነው።»

«ያልደረሰው ይሩጣ» አልኩት።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሚዜዬ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ገና ሳልቀመጥ ጎረቤቴ ከኋላዬ ጠጋ አለችና ጉፍታዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «አያ፣ ሰው ተሰብስቦ እያለ የእኔን ነገር ይንገሩልኝ» አለችኝ። «ተራዬን ቀን ያድርጉልኝ በሏቸው። ማሳዬን ራሴ ማልማት እፈልጋለሁ። እህቴም ታግዘኛለች። ሌሊቱ ነው ያሸነፈኝ።»

ይህንን ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ቃሉ አንድ ነበር፣ አንዱም አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ጭብጨባው ሳይበርድ ወደ ፊት ወጣሁና፣ «ጎረቤታችን ስለ ውሃው ታመሰግናለች፤ ጉዳይዋም ይታሰብላት» አልኩ።

«ይታሰባል» አለ ሚዜዬ፤ ሌላ ነገር ቀጠለ። ዞር ብዬ ሳያት መሬት መሬት ታያለች። በጫጫታው ያልኩትን አልሰማችም፤ ስመለስ «ነግሬያቸዋለሁ» አልኳት። ቤቴ ስገባም አልረበሸኝም፤ እንቅልፍም አልነሣኝ። ሰው በደሉን ሲለማመደው እንደ ጫማ ነው፤ መጀመሪያ ይቆረቁረዋል፣ ኋላ እግሩ ራሱ ይጠነክራል።

ግማሹ መቀመጫ ለሴት እንዲሆን ተወሰነ። እኔና ሌሎቹ መቀመጫችን እንደሚሄድ ባወቅን በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን መርሳ ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ነገሩን የጀመረው ሚዜዬ ነው።

«ወንበሩ ለሴት ይሰጥ ተባለ እንጂ ለየትኛዋ አልተባለም» አለ።

ነገሩ ለሁላችንም ገባን። እያንዳንዱ ከቤቱ አንዲት ሴት ያቀርባል፤ ሚስቱን፣ ልጁን፣ ምራቱን። እሷ ትቀመጣለች፣ እሱ ይወስናል። ወንበሩ ከቤት አይወጣም። ሚዜዬ ምራቱን ሊያቀርብ ወሰነ። በዋርካው ሥር ስለ ክብር የሰበክሁት እኔም በስኳር የወፈረ ሻይ እየጠጣሁ በዚህ ተስማማሁ። ስጦታ ያዋርዳል ያልኩት ሰው ስጦታውን ለመስረቅ ተማከርኩ።

መጀመሪያ ባለቤቴን ጠየቅኳት። ማሾ ታበጥር ነበር፤ ሰፌዷን አላቆመችም።

«አንተን ቤት ውስጥ መስማቱ ይበቃኛል» አለች። «እዚያም ሄጄ ልስማህ?»

ስለዚህ ልጄን አሰብኩ። ዝምተኛ በመሆኗ መረጥኳት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጠርቼ አስቀመጥኳትና ነገሩን አስረዳኋት። ስብሰባው ላይ እኔ በመስኮቱ በኩል እቆማለሁ፤ ድምፅ ሲሰጥ እኔን እያየሽ እጅሽን ታወጫለሽ፣ ታወርጃለሽ።

«እሺ አባዬ» አለች። «ሌላ የሚሉኝ ነገር አለ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«አይ፣ እርስዎ ከምክር ቤት ሲመለሱ ሁልጊዜ ብዙ ሥራ ነበረ ይሉ ስለነበር ነው።»

ይህንን ስትል አልሳቀችም፤ እኔም መቀለዷን አላወቅኩም። ተመረጠች። ሰዉ ድምፅ የሰጣት የእኔ ልጅ ስለሆነች ነው፤ እኔም በዚህ ኮራሁ።

በማግሥቱ ደብተር ይዛ በቦዩ ዳር መዞር ጀመረች። ሲሪንቃ ዘለላ እንደምትቆጥረው ከራስጌ እስከ ግርጌ ቤት ለቤት እየገባች የማን ተራ መቼ እንደሆነ፣ ማን ማሳውን ራሱ እንደሚያለማ፣ ማን በእኩል እንደሰጠ መዘገበች። ወሬው ቀድሟት ቤት ደረሰ። ከዐሱር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ጠበቅኳት።

«ማን ላከሽ?»

«ኮታው» አለች።

«ኮታው እጅ አውጪ ነው ያለሽ እንጂ የሰው ቤት ግቢ አላለሽም።»

ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከቦያችን ለምክር ቤቱ ሰው ሲመረጥ ሁለት መቀመጫ ለግርጌ ሰዎች ለብቻ የሚለየው ለምንድን ነው?»

ይህ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ከአያቶቻችን ሽንጎ ጀምሮ ያለ ደንብ ነው፣ ቀበሌው ያገኘውም ከእኛ ነው። «የራስጌ ሰዎች ብዙ ናቸው» አልኳት። «ውድድር ቢባል ሁልጊዜ እነሱ ያሸንፋሉ። ውሃውን ከላይ ጠጥተው ይጨርሱታል። ለግርጌው የሚናገርለት ከሌለ ማሳው ይደርቃል።»

«የእኛ ማሳ የት ነው?»

የእኛ ማሳ ግርጌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ለግርጌ ሰው ከተለዩት ሁለቱ አንዱ ነበር። በዋርካው ሥር ስናገር ጋዜጣውን አነሣሁ፣ ጉልበቴን አነሣሁ፤ ይህንን ግን አላነሣሁም። እያወቅኩ የደበቅኩት አይመስላችሁ። ከናካቴው ረስቼው ነበር። በተለየለት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወንበሩን የተወለደበት አካሉ አድርጎ ያየዋል።

«እና ያልደረሰው ይሩጥ ብለው ነበር» አለች ልጄ በቀስታ። «ውሃ ሮጦ አይደርስም አባዬ። ሰው ከላይ ሲለቅቀው ነው የሚደርሰው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳል አለች። ጉንፋን እንዳልነበረባት አውቃለሁ።

ልጄን ተቆጣኋት። ንግግር ያወቀች መስሏት አባቷን እንደምትመረምር፣ በአሥሩ ሴቶች ነገር ብትገባ የሚዜዬን ፊት እንደምታሳጣኝ፣ የጎረቤቴን ማሳ እኔ ባላርስ ኖሮ እስከ አሁን እሾህ በበቀለበት እንደነበር ነገርኳት። እስክጨርስ ደብተሯን ትገልጥ ነበር። ከዚያ፣ «ጎረቤታችንን ጠይቄያት ነበር» አለች። «ተራዋ ቀን እንዲሆን ለእርስዎ ከነገረችዎ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በጉባኤ ላይ ተናግረውላት ጉባኤው አሻፈረኝ ብሏል ብላ ነው የምታምነው።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ። ያቺ ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀየመችው ጉባኤውን ነበር። በእኔ ላይ ጥርጣሬ እንኳ አልነበራትም።

ምክር ቤቱ ለሥራ የተቀመጠው በግንቦት ነው፣ በአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል ውስጥ። አባላቱ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኛ ባሎችና አባቶች ደግሞ በሻይ ቤቱ ስምምነት መሠረት ሦስቱን መስኮት ከውጭ ተከፋፍለን ቆምን። አስቂኝ ነበር፤ ያኔ ግን አልታየንም። ሰብሳቢው ለመጀመሪያው ጉዳይ ድምፅ ሲጠይቅ፣ ከሴቶቹ ግማሾቹ እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት ወደ መስኮት ዞሩ፤ ልክ ዶሮ ቀና ብላ ጭልፊት እንደምትፈልግ።

ልጄ ዕድል ጠየቀች። ከቆመችበት ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ሰብሳቢው።

«መስኮቶቹ ይዘጉልን» አለች። «ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማዳመጥ የፈለገ በበሩ ገብቶ ከኋላ ይቀመጥ።»

የቆርቆሮው መስኮት ተራ በተራ ተዘጋ። የእኔን የዘጋችው የሚዜዬ ምራት ናት፤ «ጣትዎን ያንሡ አባባ» ብላ። ከውጭ የቀሩት ወንዶች ተሳደቡና ወደ ዋርካው ሄዱ። እኔ በበሩ ገባሁ። ገብቼ የመጨረሻው የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እስኪነካ ተሸብልዬ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጎረቤቴ ነበረች፤ ልጄ ጠርታት መጥታለች። ታዛቢ ሳይፈቀድለት አይናገርም። በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ የሌለው ሰው እኔ ነበርኩ።

ልጄ ደብተሯን ከፍታ ጉዳዩን አቀረበች። ያለ ባል ቤት የሚያስተዳድሩት አሥሩ ሴቶች ተራቸው በሙሉ ወደ ቀን ይዙር የሚል ነበር። ሚዜዬ እንደ ውሃ አባትነቱ ተጠርቶ ፊት ለፊት ቆሟል።

«ተራ የልጅ ጨዋታ አይደለም» አለ። «ያልቆፈረ በቀን አያጠጣም። ይህ የእኔ ሕግ አይደለም፤ ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ደግሞስ እነዚህ ሴቶች መቼ ጠየቁን? እኔ ውሃ አባት ከሆንኩ ጀምሮ አንዲት ሴት ሌሊቱ ከበደኝ ብላ በዚህ ጉባኤ ጠይቃ አታውቅም። ያመሰገኑን ግን አሉ። የአንዷ ተናጋሪ፣ ጎረቤቷ፣ ያውና ከኋላ ተቀምጧል። እሱ ዋሾ አይደለም፤ ይጠየቅ። ጠይቃ ከሆነ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

በእኔ ተማምኖ ነው ይህንን ያለው። ሠላሳ ዓመት የተማመንንበትን ነገር ነው ያስያዘው።

ሁሉም ዞሩ። ሰብሳቢው፣ «ለታዛቢ የመናገር ዕድል ይሰጥ የምትሉ» አለ። መጀመሪያ የወጣው የልጄ እጅ ነው። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች፣ አንድ በአንድ። እኔ እንድናገር ሴቶች እጅ አወጡልኝ።

ከዚያች ወንበር መነሣት ቀላል አልነበረም፤ ጉልበቴ ተጣብቆ ነበር። አልጠየቀችም ብል ነገሩ እዚያው ይሞታል። ማሳውም ከእኔ ጋር ይቀራል፣ ሚዜዬም፣ ስሜም። ከጎኔ ያለችው ሴት ደግሞ ቀና ብላ የምታየኝ በሙሉ እምነት ነው፤ ተናግረውልኛል፣ አሁንም ይመሰክሩልኛል ብላ።

«ጠይቃለች» አልኩ። «ስድስት ዓመት ጠይቃለች። የጠየቀችው በእኔ አፍ ነበር፤ እኔ አልነገርኳችሁም።»

«ምን አልክ?» አለ ሚዜዬ።

«ታመሰግናለች ያልኳችሁ ከራሴ ነው። እሷ አንድ ቀንም አላመሰገነችም።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሰብሳቢው ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ጠየቀኝ። «ማሳዋን የማርሰው እኔ ነኝ» አልኩ። «ተራዋ ቀን ከሆነ እኔን አትፈልገኝም። ስለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት ብሰጣችሁ እዋሻለሁ፤ ወላሂ ሌላ የለም።»

ጎረቤቴ ፊቷን ከእኔ መለሰች። ከዚያ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ጉፍታዋን ወደ አፏ ስባ መልሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አካፋ አለኝ በሏቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። የተናገረችው በቁጣ እንጂ በፍርሃት አይመስለኝም።

«ከእንግዲህ የአንቺን ቃል አልሸከምም» አልኳት ሁሉም እየሰማ። «ተሸክሜው አላደረስኩትም። ቁሚና ራስሽ ተናገሪ።»

ቆመች። ወንበሩን ይዛ ቆመች።

«አካፋ አለኝ» አለች። «የባሌ ነው። እሱ ከሞተ ጀምሮ ከግድግዳው አልወረደም። ያልቆፈረ አያጠጣም ካላችሁ፣ እቆፍራለሁ። መጥለፊያው ሲሠራ እወርዳለሁ። ምሳውን ግን ያን ቀን አንዳችሁ አምጡ።»

አሁን ሳቁ፤ ሴቶቹም ወንዶቹም። ሚዜዬ ብቻ አልሳቀም። ልጄ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ ሒሳቡን አነበበች። አሥር የሴቶች ተራ በአሥር ቀን፤ በወር ሠላሳ። ወንዶቹ ሠላሳ ናቸው። ሴቶቹ ወደ ቀን ቢዞሩ ለእያንዳንዱ ወንድ የሚጨመርበት በወር አንድ ሌሊት ነው። ተቀመጠች። ይህ ልጅ ዘለላ ስትቆጥር በከንቱ የሚያልፍ ጊዜ ይመስለኝ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። አንዲት ወጣት ሚስት እጇን ከማንሣቷ በፊት ወደ መስኮቱ ዞረች፤ የተዘጋ ቆርቆሮ እንጂ ሌላ አላየችም። ከዚያ አነሣች። የሚዜዬ ምራትም አነሣች። ጉዳዩ አለፈ።

ውጭ ሚዜዬ ዋርካው ሥር ጠበቀኝ።

«አዋረድከኝ» አለ። «በሕዝብ ፊት አንተን ምስክር ጠራሁ።»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነቱ ስድስት ዓመት የት ነበረ?»

ትቶኝ ሄደ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሁሉን ሰምታ ነበር፤ ወሬ ከእኔ ፈጣን ነው። ውሃ ሰጠችኝና ጎኔ ተቀመጠች። «በቤትህ ጥፋትህን ማመን ለምደህ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ዛሬ በጉባኤው ይህን ያህል ባልከበደህ።» ከዚያ ደግሞ፣ «አብሽር፣ አይዞህ» አለችኝ።

በመስከረም መጨረሻ መጥለፊያው ሊሠራ ሲል ጎረቤቴ የባሏን አካፋ ይዛ ወረደች፤ ሦስት ሴቶችም ተከተሏት። ያን ቀን ምሳውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አዘጋጅታ በጨርቅ አሥራ ሰጠችኝ፣ በራሴ ተሸክሜ ወንዙ ድረስ ወረድኩ። «እንግዳ ሙሽሪት መጣች» አሉኝ። «ወጡ ጨው አንሶታል፣ ይመለስ» አሉኝ። የሚሉትን ሁሉ ሰማሁ፤ ለሁሉም እኩል አካፍዬ ሳህኑን ሰብስቤ ተመለስኩ። በሚቀጥለውም ዓመት ወርጃለሁ። ኢንሻአላህ ጉልበቴ እስከቻለ እወርዳለሁ። የበደለ ሰው በቃል ብቻ አይመለስም፤ እግሩም አብሮ መመለስ አለበት።

ስለ ኮታው ዛሬም ክርክር አለ፤ መርሳም ወልድያም ሻይ ቤት ስቀመጥ እሰማለሁ። ጠይቁኝ ካላችሁ የምለው ይህ ነው። ወንበር ብቻውን አፍ አይሆንም። ከእኛ ምክር ቤት ሴቶች ሁለቱ ሦስቱ እስከ ዛሬ ቤታቸው የታዘዙትን ነው የሚያደርጉት፤ ይህንን ብደብቅ መልሼ ታመሰግናለች ማለቴ ነው። ነገር ግን ያ ወንበር ባይኖር ልጄ ደብተር ይዛ አትዞርም ነበር፤ እኔም አልጠየቅም ነበር። ሳልጠየቅ ደግሞ እንደማልናገር ስድስት ዓመት ይመሰክርብኛል። በሥልጣን ያለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ውሃ ይለቅቃል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ቁርአን የምቀራ፣ ልጆቼን ሐቅ ተናገሩ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ እኔም አልለቀቅኩም። ደንብ ነው ያስለቀቀኝ።

አሁን የከፈልነውን ልቁጠር። እኔ የጎረቤቴን ማሳ መለስኩ፤ ሽንኩርቱን እሷና እህቷ ራሳቸው ተከሉት፣ ከእኔ ጊዜ ይልቅም ያምራል። ከእኔ ጋር ሰላምታ አላት፣ ጆሮዬ አጠገብ ግን አትመጣም። ልጄን ሐራ ያሉ ደህና ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋት ነበር፤ ነገሩን ሲሰሙ ለአባቷ ያልተመለሰች ለባሏ አትመለስም ብለው ተዉ። እሷ፣ «ቶሎ ማወቃቸው ጥሩ ነው» አለች፤ ማታ ግን ዓይኗ ቀልቶ አየሁ። ሚዜዬ በኢድ ዕለት እንደ ወትሮው መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ እንኳን አደረሳችሁ አለ፤ አልገባም። የውሃ አባትነቱን ግን አልተወም፤ አዲሱን ተራ ያለ አድልዎ ያስከብራል፣ በዚህ አከብረዋለሁ። የእሱን የራሱንም ሌሊት ቆሞ ያጠጣል። ሠላሳችንም እንቆማለን። በጠቅላላው ለእያንዳንዳችን የተጨመረብን በወር አንድ ሌሊት ነው፤ ያቺ ሴት ስድስት ዓመት የጠየቀችን ይህንኑ ነበር።